የልብስ ሰፊው ግድግዳ እና የመጀመሪያዋ አካፋ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሩ ስም፦ በመታወቂያቸው ላይ የተመለከተው፤ በሥራ ቦታና በሠፈር «ጋሼ ፈንቅል» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ የሁለት የቁፋሮ ማሽኖች ባለቤት
አድራሻ፦ ከብረታ ብረት ሱቆቹ ጀርባ፣ ማሽን የሚቆምበት አረንጓዴ በር ያለው ግቢ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40
ጉዳዩ፦ ማክሰኞ ጠዋት በልብስ ሰፊው መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የደረሰ ጉዳት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ዛሬ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ነው፤ ባልጠራም እመጣ ነበር። የተጠራሁት ግድግዳውን የመታችው ማሽን የእኔ መሆኗን እንዳረጋግጥ ብቻ እንደሆነ ተነግሮኛል። የእኔ ናት፤ አረጋግጣለሁ። ከዚያ ያለፈ የምናገረው ስላለኝ መርማሪው እስክሪብቷቸውን እንዳያስቀምጡ ለምኜ፣ እሳቸውም «ይቀጥሉ አባት» ስላሉኝ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ከፊት አፈር የሚዝቁ፣ ከኋላ የሚቆፍሩ ሁለት ባክሆ ሎደሮች አሉኝ። አንደኛዋን የገዛሁት የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። ጠዋት ጠዋት ካልተለመነች ስለማትነሳ ሠራተኞቹ «እሜቴ» ይሏታል። ሁለተኛዋ ከገባች ገና ሰባት ወሯ ነው፤ «ሙሽሪት» ትባላለች። በእሜቴ የስንቱን ቤት መሠረት፣ የስንቱን የፍሳሽ ጉድጓድ እንደቆፈርኩ ፈጣሪ ይወቀው። በዚህ ከተማ መጸዳጃ ቤት የሚቀመጥ ሰው ግማሹ እኔ በቆፈርኩት ላይ ነው የሚቀመጠው ብዬ ብናገር መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ ገለጹልኝ። ቢሆንም ይጻፍልኝ ብዬአለሁ።

ሙሽሪትን የምትነዳው ሠላሳ አንድ ዓመት የሆናት ልጄ ናት። ከትናንት እኩለ ቀን ጀምሮ እዚሁ ጣቢያ የምትገኘው እሷ ናት። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ስሆን ዛሬ ግን ከእኔ ትበልጣለች። ይህን በፊቷ ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህ በመዝገብ ላይ መስፈሩ ደስ ይለኛል። እሳት የላሰች ናት። በዚያ በትልቁ አካፋ ጥርስ የውሃ ጠርሙስ ክዳን ከጠርሙሱ ላይ ስታነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። አፏ ግን ከእጇ ይፈጥናል፤ ይህ ከእናቷ ይሁን ከእኔ እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

ሰኞ ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ለዳቦ ቤቱ የፍሳሽ ጉድጓድ ልንቆፍር ሙሽሪትን ወደ ቦታው አደረስናት። ልጄም መንገዱ ጠቧት ማሽኗን ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ካለው የልብስ ሰፊው በር ፊት አቆመቻት። ልብስ ሰፊው ከነሜትሩ ወጥቶ «አንቺ ልጅ፣ ደንበኛዬ በመስኮት ይግባ?» ብሎ ጮኸባት። እሱ መስኮት የለውም፤ ይህን ያልኩት ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። ልጄም ከካቢኗ ሳትወርድ «ጋሼ፣ ሌላ በር ከፈለጉ ምን ችግር አለ፤ ግድግዳዎን አንድ ምት ይበቃዋል» አለችው። በአካባቢው የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሳይቀሩ። ልብስ ሰፊው ብቻ አልሳቀም። በማግስቱ ግድግዳው ወደቀ። እንግዲህ በከሳሹ ቦታ ቢሆን ማንም ሰው «ሆን ብላ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

መርማሪው ማክሰኞ የሆነውን በቅደም ተከተል እንዳስረዳ ስለጠየቁኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ። በእኛ ሥራ፣ ወይም በትክክል ለመናገር በእኔ ግቢ፣ አንድ ልማድ አለ። አዲስ ቦታ ሲጀመር የመጀመሪያዋን አካፋ አፈር የማወጣው እኔ ነኝ። እሜቴን የገዛሁ ዕለት ጀምሬው ለሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ሥራውን የሚያሠራው ሰውዬ ይቆማል፣ ሠራተኞቹ ይቆማሉ፣ እኔ ወጥቼ አንድ አካፋ አውጥቼ እወርዳለሁ፤ ከዚያ የቀረውን የማሽኑ ነጂ ይቀጥላል። አምና የግራ ዓይኔ ጭጋግ ለብሶ፣ ቀኙም ፊደል መለየት ስለተሳነው መንጃ ፈቃዴ ሳይታደስ ቀረ። መንዳት ተውኩ። የመጀመሪያዋን አካፋ ግን አልተውኩም። አንድ አካፋ ሥራ አይባልም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከርሜአለሁ። ልጄ ሁለት ሦስት ጊዜ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይቅርብን» ብላኝ ነበር፤ ሳኮርፍ ጊዜ ተወችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የማደርገው በእሜቴ ላይ ነበር። ማክሰኞ ግን እሜቴ የዘይት ቱቦዋ አፍስሶ ጋራዥ ገብታለች። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሙሽሪት ላይ ወጣሁ። ልጄ ጎማው አጠገብ ቆማ «አባዬ፣ የዚህችኛዋ እጀታ የተገላቢጦሽ መሆኑን እንዳትረሳ» አለችኝ። እኔም «ፊደል ሳትቆጥሪ የጀመርኩትን ሥራ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ መለስኩላት። ይህን መልስ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

መርማሪው «የተገላቢጦሽ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከኋላ ያለውን የመቆፈሪያ ክንድ የሚያዙ ሁለት እጀታዎች አሉ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። በእሜቴ ላይ ክንዱን ወደ ላይ የሚያነሳው የግራው ነው። በሙሽሪት ላይ የሚያነሳው የቀኙ ነው፤ የግራው ክንዱን ወደ ጎን ያዞረዋል። ልጄም ሙሽሪት የገባች ሰሞን ለአንድ ሳምንት ያህል ግራ ተጋብታ ነበር፤ ለዚህም ነው ባዶ ሜዳ ወስጄ ያለማመድኳት። ለራሴ ግን ሜዳ አላስፈለገኝም። ልዩነቱን አውቀዋለሁ፤ ጆሮዬ ሰምቷል። እጄ ግን አልሰማም።

አካፋውን ወደ መሬት ከተትኩት። ሞላ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልደብቅም፤ ዓመት ሙሉ መንዳት ትቶ ከአንድ አካፋ ላላለፈ ሰው ያ የአፈር ክብደት በእጅ ሲሰማ ደስ ይላል። ከዚያ ክንዱን ላነሳ ብዬ የግራውን እጀታ ሳብኩ። ክንዱ መነሳቱን ትቶ ከነአፈሩ ወደ ግራ ተወረወረ። በግራ በኩል ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ርቀት ላይ የነበረው የልብስ ሰፊው ግድግዳ ነው። ደንግጬ ያንኑ እጀታ ይበልጥ ሳብኩት፤ እንዲነሳልኝ መሆኑ ነው። ግድግዳው ሁለተኛውን ምት ሲቀበል ወደ ውስጥ ተኛ።

አቧራው ሲገለጥ እውስጥ አንድ ሰው ግማሽ ኮት ለብሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰው ገደልኩ አልኩ። ከማሽኗ ላይ መውረድ አቃተኝ። ከዳቦ ጋጋሪዎቹ አንዷ ገብታ የሰውዬውን እጅ ስትይዘው እጁ ከትከሻው ወልቆ እጇ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ነው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት መሆኑን ያወቅነው። ልብስ ሰፊው ራሱ ክር ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ ተመስገን ነው። ስፌት ማሽኑም ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ ከአቧራ በቀር ምንም አልሆነም።

ልጄ ደግፋ አወረደችኝና ዳቦ ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ ተመልሳ ካቢኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው እየሮጠ ሲደርስ ያገኘው እሷን ነው፤ ፖሊስም ሲመጣ እንዲሁ። «ማን ነበር የሚነዳው?» ሲባል «እኔ ነኝ፤ ላነሳ ስል ዞረብኝ» አለች። እኔ ልናገር ከወንበሩ ስነሳ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እሷ ያሰበችው ገብቶኛል። የእሷ ፈቃድ ጊዜው ያላለፈበት ነው፤ በስህተት የደረሰ ጉዳት ነው ተብሎ ግድግዳውን መልሶ በመገንባት ያልቃል። እኔ ግን የነዳሁት ያለፈቃድ፣ በታመመ ዓይን ነው። ሰኞ የቀለደችው ቀልድ ግን ትዝ አላላትም። ልብስ ሰፊው «ትናንት በአንድ ምት እጥለዋለሁ ብላኛለች!» ሲል ነገሩ ስህተት መሆኑ ቀርቶ ሆን ተብሎ ንብረት ማውደም ሆነ። ይህ ከተረጋገጠባት ልትታሰር እንደምትችልና ፈቃዷም እስከ መጨረሻው ሊነጠቅ እንደሚችል ትናንት ከዚህ ጣቢያ ተነግሮናል።

በዚያን ሰዓት አፌን ለጉሜ ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልክ ለተባልኩት፣ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ የሆነውን ሁሉ እስክነግራት ጠበቀች። ስጨርስ «አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ። «ማን ነገረሽ?» ብላት «ማን ይነግረኛል? የሷ እጅ እንደዚህ አይስትም» አለችኝ። ከዚያ የዛሬውን ሸሚዜን መተኮስ ጀመረች። ዛሬ ጠዋት በ1 ሰዓት ግንበኛ ይዤ ልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ አሻንጉሊቱን ማን እንደያዘው ጠይቆኝ ስነግረው ሳቁ አመለጠው። «ልጅቷ ካልሆነችማ የምን ክስ ነው፤ ግን ግድግዳው ሲሠራ መስኮት ይውጣልኝ» ብሏል። መስኮቱ ይወጣለታል።

መርማሪው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «አባት፣ ልጅዎን ለማዳን የፈጠሩት አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም። አንድ ሐሳብ አቀረብኩላቸው። «ከአፏ አይጠይቋት፤ ያስተባብላል። ከእጇ ይጠይቋት» አልኳቸው።

ልጄ ተጠርታ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ25 ላይ ገባች። እኔ ምን እንደተናገርኩ አልተነገራትም፤ እንዳልተነፍስም ታዝዣለሁ። መርማሪው ወንበር ላይ አስቀምጠዋት ሁለት የውሃ ጠርሙስ በቀኝና በግራዋ አቆሙ። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ሙሽሪት ላይ ነሽ። አካፋው ሞልቷል። አንሺ» አሏት፤ ቶሎ ብለው። ቀኝ እጇ ጠርሙሱን ሳበው። «እንደገና። አንሺ።» ቀኝ እጇ። በሦስተኛውም ቀኝ እጇ። ቀጥሎ እሷ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ እኔ ሌላ ወንበር ላይ ሌላ ሁለት ጠርሙስ ቆሞልኝ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ቀኜን ላለመርሳት በልቤ እየተጠነቀቅኩ ሳለ እንኳ፣ ግራዬ ቀድሞኝ ሳበው። ከዚያ መርማሪው ልጄን «ክንዱ ወደ ጎን የሚዞረው የትኛው እጀታ ሲሳብ ነው?» ብለው ጠየቋት። «ላነሳ ስል ዞረብኝ» የሚለው የትናንቱ ቃሏ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሷም «የግራው» አለችና ዓይኗን ገልጣ ቀኝ እጇን አየችው። ጠርሙሱን አሁንም እንደጨበጠች ነበር።

«እጄ አጋለጠኝ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ምን ነበረበት ዝም ብትል? በዚህ ዓይንህ እዚህ ልትገባ ነው?» ብላ አለቀሰች። እኔም «እኔ ብገባ ማሽኖቹን አንቺ ታንቀሳቅሻቸዋለሽ። አንቺ ብትገቢ ማን ያንቀሳቅሳቸዋል? እናትሽ?» አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች። እናቷን እሜቴ ላይ ስታስባት መሰለኝ። እኔ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ያጣሁትን እፎይታ አገኘሁ። ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያዋንም የመጨረሻዋንም አካፋ የምታወጣው ልጄ ናት፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። የሚታየኝን ያህል።

ከላይ የሰፈረው ቃል ሁሉ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል፤ ዓይኔ ስለማያነበው ያጣራሁት በጆሮዬ ነው። አንድ ቦታ ላይ «ማሽኗ ግድግዳውን መታችው» ይል ነበር፤ «እኔ መታሁት» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። ልጄን የሚመለከት ጥፋት በዚህ ወረቀት ላይ የለም። የተናገርኩት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቃለሁ፤ እውነት በመሆኑም እጠየቃለሁ። ለሁለቱም ፈቃደኛ ሆኜ ፈርሜአለሁ።

ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ፊርማ

የትናንት ቃሏን ያነሳችው፦ ልጃቸው፣ ፊርማ

ቃሉን የሰጡት፦ ፊርማ
(የመፈረሚያው መስመር ስላልታያቸው ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ቦታው ላይ አድርሳላቸው ፈርመዋል።)