ለጠየቀ ሰው ኮፍያ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የካርቶን ፋብሪካችን ሠራተኞች፤ ማሽኖቹን አቁማችሁ፣ ይህን የመቁረጫ አዳራሽ ጠራርጋችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ምነው ሁላችሁም ታዩኛላችሁ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሥራ ደህንነት ሥልጠና ስሰጣችሁ እንዲህ አፍጥጦ ያየኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ደግሞ የማሳያችሁ ስላይድ እንኳ የለኝም።

ተተኪዬ ትናንት ቢሮ መጥታ፣ "ጋሼ፣ ሰው እንዳይሰለች የሚያደርጉት እንዴት ነው? ምስጢሩን ይንገሩኝ" አለችኝ። ደብተሯን ከፍታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀችኝ። ምን ልበላት? "ነገ በንግግሬ ላይ ትሰሚዋለሽ" ብዬ አመለጥኳት። ይኸው ነገ ደረሰ፤ እኔ ግን አሁንም አላውቀውም።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ቀልድ አወራሁ፤ የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንድትነቁ ብዬ ቁልፌን ወለሉ ላይ ጣልኩ፤ አንዳችሁ አንስቶ ሰጠኝና ተመልሶ ተኛ። በመጨረሻ ኮፍያ አሠራሁ። ጥያቄ ለጠየቀ ሰው ኮፍያ! ያኔ ክፍሉ ነፍስ ዘራ።

ከሁሉም የምኮራበት ጠያቂው ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ አራት ኮፍያ ወስዷል። ከኋላ ደግሞ የማጣበቂያ ክፍሏ እህታችን አለች። መብራቱን ሳጠፋ የእሷም ዓይን አብሮ ይከደናል። አንድ ቀን ተናድጄ፣ "አንቺ፣ ፍራሽ ላምጣልሽ?" አልኳት። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጠያቂው ተሰንቅሮ የቀረ ካርቶን ሊያወጣ፣ ማሽኑን ሳያጠፋ እጁን ከተተ። ሁላችንም ጮህን። እኔ አሠልጣኙም ባለሁበት ቆሜ ጮህኩ። ሮጣ ቀዩን ማጥፊያ የመታችው እሷ ናት። ሁለት ጣቱ ሄደ፤ እጁ ግን ተረፈ።

ሆስፒታል ሄጄ፣ "ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማጥፋት ነው ብዬህ አልነበረም?" አልኩት።

"ብለው ይሆናል ጋሼ። እኔ የምጠይቀውን ጥያቄ ሳስብ ነበር" አለኝ።

እሷንስ? "ተኝተሽ አልነበር እንዴ?" ብላት፣ "ኧረ ጋሼ! ስላይዱ ሲቀያየር ራሴን ያዞረኛል። ዓይኔን ጨፍኜ የእርስዎን ድምፅ ነው የምሰማው" አለችኝ።

እህቴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አሳፍሬሻለሁና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅር በይኝ። ይህን ለማለት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

እንግዲህ ተተኪዬ፣ ምን ልበልሽ? ኮፍያ ስጪ እንዳልልሽ የዚህ ልጅ ጣት አለ። አስተኚያቸው እንዳልልሽ ሥራ አስኪያጁ ተቀምጠዋል። ማን እንደሚሰማኝ ከፊቱ ለይቼ አላውቅም። አሁን ራሱ እየሰማችሁኝ ነው ወይስ ምሳ ሰዓት ደርሶባችሁ ነው?

እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃችሁ። ኮፍያ የለም። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጠያቂው፣ አንተም ጨፍን። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎም። ቀዩ ማጥፊያ የት ነው? በእጃችሁ አሳዩኝ።

አሃ።

ይኸው ሁሉም እጅ ማጥፊያው ወዳለበት፣ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ምሰሶ ነው። ጠያቂው፣ ያንተም፤ በዚያው በተጎዳው እጅህ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የእርስዎ ግን ወደ ጣሪያው ነው። ተተኪዬ፣ ከእሳቸው ጀምሪ።

ቆዩ፣ እንዳትገልጡ። እንባዬን ልጥረግ።

ሰምታችሁኛል ማለት ነው። መቼ እንደሰማችሁኝ ግን አላውቅም።

ጠዋት የወጣችሁበት ቤት ማታ በጤና ይቀበላችሁ። የምትሠሩት ይባረክ። በአሥርም ሆነ በስምንት ጣት፣ ልጆቻችሁን አቅፋችሁ ለማሳደግ ያብቃችሁ።

አሁን ዓይናችሁን ግለጡ።