ልጄን ወዴት ነው የምትወስዷት?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የተሰበረ መነጽሬን ላሠራ ወደ ገበያው መንገድ ስወርድ ጎረቤቴን ከአንድ የሴት ጫማ መደብር መስኮት ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ነገሩ ገረመኝ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጫማ ቀርቶ ካልሲ ሲገዙ ያያቸው ሰው የለም።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጉምሩክ ሻንጣ ሲፈትሹ ነው። ሰፈሩም የሚጠራቸው «ፈታሹ» እያለ ነው። ሥራውን ቢተዉትም ሥራው እሳቸውን አልተዋቸውም፤ «ደህና አደሩ?» ላላቸው ሰው እንኳ መልስ የሚሰጡት ከሰላምታው በስተጀርባ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ጫማው ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ዝም ይበሉ መምህር! ይልቅ ከጎኔ ይቁሙና እርስዎም ጫማ የሚያዩ ይምሰሉ» አሉኝ ሳይዞሩ። «መስታወቱን ይመልከቱ። ማዶ ያለው ሰማያዊ በር ይታይዎታል?»

ታየኝ። በመስታወቱ ላይ የመንገዱ ወዲያኛው ጎን እንዳለ ይታያል። ሁለት ወጣቶች እየተሳሳቁ በሰማያዊው በር ገቡ።

«ልጄን የሚወስዷት ከዚያ ነው» አሉ።

ልጃቸውን አውቃታለሁ፤ አስተምሬያታለሁ። የአዋላጅነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት የቀራት፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት። በክረምቱ ዕረፍት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ባሕር ተሻግራ የሙስሊም ሕዝቦችን ባህል የምታጠናበት ዕድል እንዳገኘች እናቷ ነግራኝ ነበር። አባቷ ግን ነገሩን የሰሙት እንደ መርዶ ነው።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የእኔዋ ናፈቃት!» አሉ። «እስቲ ይንገሩኝ መምህር፤ አዋላጅ ምን ቆርጧት ነው ባህል የምታጠናው? ሕፃን በየትም አገር የሚወጣው በአንድ መንገድ አይደለም እንዴ?»

«በአንድ መንገድ ይወጣ ይሆናል፤ እናቲቱ ግን በአንድ መንገድ አትጨነቅም።»

«እሱ የመጽሐፍ ቃል ነው። እኔ የማውቀው የሻንጣን ነው። ከላይ መጽሐፍ የተደረደረበት ሻንጣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያጣም። እነዚህም ከላይ፣ በሩ ላይ፣ 'የባህሎች ጥናት' ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ ሃይማኖት ማስለወጥ ይኑር፣ ስለላ ይኑር፣ ባል መፈለግ ይኑር በምን አውቃለሁ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

«ጋሼ፣ በሥራ ላይ ሳሉ ሻንጣ የሚፈትሹት ከመንገድ ማዶ ቆመው ነበር?»

ይህን ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። 

«ከፍቼ ነው እንጂ» አሉ ቅር እያላቸው።

«እንግዲያው እንሂድና ይክፈቱት።»

ጥርጣሬን በራሱ አልነቅፍም። ለልጁ የማይጠነቀቅ አባት አባት አይባልም። የምነቅፈው ጠይቆ ለመረዳት የማይደፍረውን፣ ከሩቅ ቆሞ ራሱን በራሱ የሚያሳምነውን ጥርጣሬ ነው። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ መልስ ስለማያገኝ አያልቅም።

ሰማያዊው በር ወደ ጠባብ ደረጃ ያስገባል። ላይኛው ፎቅ ላይ የተደራረቡ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ካርታና አንድ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል አገኘን። ከጠረጴዛው ኋላ ሂጃብ ያደረጉ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለባቸው ሴት ተቀምጠዋል። የታሪክ መምህርት ናቸው፤ ተማሪዎቹን ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤቴ የልጅቱ አባት መሆናቸውን ሲሰሙ ተነሥተው ወንበር ሳቡላቸው።

ጎረቤቴ ግን አልተቀመጡም። «እመቤቴ፣ ልጄን ወዴት ነው የምትወስዷት?» አሉ።

መምህርቷ ከካርታው ላይ ከተማውን አሳዩ። ሴቶቹ ተማሪዎች ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ እንደሚያድሩ፣ ቀን ቀን ደግሞ በየቤተሰቡ፣ በየሐኪም ቤቱና በየሙያተኛው ዘንድ እየዋሉ እንደሚማሩ አስረዱ። ጎረቤቴ ማን በር እንደሚዘጋ፣ ማን ቁልፍ እንደሚይዝ፣ ልጅቷ ብትታመም ማን እንደሚደውል ጠየቁ። ሁሉም ተመለሰላቸው። ከዚያ ካርታውን በከዘራቸው ነካ አድርገው፦

«ለምን በሩ ላይ 'ባህሎች' ብላችሁ አበዛችሁት? አንድ አይደሉም እንዴ?» አሉ።

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው አባታችን። በሚሰግዱበት አቅጣጫ አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ግን የዓሣ አጥማጁ ዘፈን ሌላ፣ የነጋዴው አለባበስ ሌላ፣ የገበሬው ሠርግ ሌላ ነው። እኔና የባሌ እህት እንኳ በለቅሶ ቤት ሥርዓት አንስማማም።»

«ሃይማኖቷስ?»

«ሃይማኖቷ የራሷ ነው። እኔ እንድታውቅ እንጂ እንድታምን አላስተምርም። ስለ ባሕር የተማረ ሁሉ ዓሣ አይሆንም።»

እኔ ሳቅሁ፤ ጎረቤቴ አልሳቁም። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው፣ ያን ድሮ መንገደኛ ሁሉ ይፈራው የነበረውን ዓይናቸውን በሴትዮዋ ላይ ተከሉ።

«ባለፉት ዓመታት ከወሰዳችኋቸው መካከል የተከፋ የለም?»

«አለች» አሉ መምህርቷ። «አንዷ ተከፍታ ተመልሳለች። የተቀበላት ቤት ትልቁ ወንድ ልጅ ስለ እምነቷ እየነዘነዘ አስቸገራት። የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ቤት ተውነው፤ አሁን በየማታው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ሳላነጋግር አልተኛም። ይጠይቁ አባታችን። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።»

ጎረቤቴ ያን ጊዜ ተቀመጡ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሴትዮዋ «ማንም ተከፍቶ አያውቅም» ቢሏቸው ኖሮ ልጃቸውን በዚያው ቀን ያስቀሯት ነበር።

ይህን እያወራን ሳለ በሩ ተከፈተና ልጅቷ ገባች። አባቷን ስታይ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«አባዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ? ልትሰልለኝ ነው የመጣኸው?»

«አባት ልጁን ቢሰልል ነውር አይደለም።»

«ነውር ነው እንጂ! ቤት ውስጥ ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር።»

«ጠየቅኩሽ፤ 'መማር ፈለግሁ' ብለሽ ዘጋሽኝ። ይሄ መልስ ነው? እዚህ ያለው ትምህርት አልቆ ነው?»

ልጅቷ እኔን አየች፤ መምህርቷን አየች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለች።

«ልነግርህ ያልፈለግሁት ስለሚያሳፍረኝ ነው» አለች። «በማዋለጃ ክፍል ለልምምድ በተመደብኩበት ወር አንዲት ሙስሊም ሴት በምጥ ተይዛ መጣች። ያን ዕለት የነበረው ሐኪም ወንድ ነው። ሴትዮዋ አንሶላዋን አጥብቃ ይዛ 'ሴት ትምጣልኝ' ትላለች። ቋንቋችንን በደንብ አትችልም። ከመካከላችን አንዷ ሳቀች። ሌላዋ የሴትዮዋን ባል 'በምጥ ሰዓት ምርጫ የለም' ብላ ከበሩ አስወጣችው። እኔ ጓንቴን አድርጌ ቆሜ አይ ነበር።»

«ከዚያስ?» አሉ አባቷ።

«ተነሥታ ወጣች። በዚያ ምጥ ተነሥታ ወጣች፣ አባዬ! ከግቢው በር ሳትርቅ ታክሲ ውስጥ ወለደች። ሮጠን ደረስን፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ባሏ በኋላ እንዳስረዳን፣ ወንድ ሐኪም ጨርሶ አይንካኝ አላለችም። ግድ ከሆነ ይፈቀዳል። የጠየቀችው ሴት አጠገቧ እንድትቆምና ገላዋ እንዲሸፈንላት ብቻ ነበር። እኔ ሴት ነኝ፤ አጠገቧ ነበርኩ። አንሶላም ሞልቶን ነበር።»

ጎረቤቴ ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩ።

ነገር ግን ሰው እልኩን እንደ ካፖርት አውልቆ አይጥልም። ቀስ ብለው፦

«ታዲያ ልጄ፣ ይህንን ለማወቅ ባሕር መሻገር ያስፈልጋል? እዚሁ መጽሐፍ ብታነቢ፣ እኒህን እመቤት ብትጠይቂ አይበቃም?» አሉ።

«አነባለሁ፤ እጠይቃለሁም። እዚህ እስካለሁ ግን የቤቱ ባለቤት እኔ፣ እንግዳዋ እሷ ናት። እዚያ እንግዳዋ እኔ እሆናለሁ። ቋንቋው የማይገባኝ፣ የት እንደሚገባና የት ጫማ እንደሚወለቅ የማላውቅ ሰው እሆናለሁ። ያቺ ሴት አልጋው ላይ ሆና ምን እንደተሰማት ጥቂቱን እንኳ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ጎረቤቴ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። «ሂጂ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን አንሥተው፣ «ልቤ ግን አልረጋም! በየቀኑ ትደውያለሽ» አሉ።

ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን ስልኩ ምርመራ ነበር፦ «አጠገብሽ ማን አለ? ያ የሚያወራው ማነው? ለምን ሳቀ?» እያለ ይቀጥላል። እየቆየ ጥያቄው ተለወጠ። አንድ ማታ ቤታቸው ተቀምጬ ሳለሁ «የምትውዪበት ቤት አባወራ ስለ እኔ ጠየቀ? ምን አልሽው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰውየው፣ ሴት ልጁን ወደ ሩቅ አገር የላከ አባት እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ብሎ ነበር የጠየቃት። ጎረቤቴ ስልኩን ዘግተው፣ «ይሄ ሰው ልጆች አሉት ማለት ነው» አሉኝ።

ልጅቷ ስትመለስ እምነቷም ጠባይዋም እንደነበረ ነው። የተለወጠው ሥራዋ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ አዋላጅ ከሆነች ወዲህ፣ ወላድ ስትገባ ከመንካቷ በፊት «ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ትጠይቃለች። አለቆቿን ጨቅጭቃ በየአልጋው መካከል መጋረጃ አሰቀለች። በመጋረጃው የተጠቀሙት ደግሞ ሙስሊሞቹ ብቻ አይደሉም፤ ገላዋ በአደባባይ እንዲታይ የምትወድ ሴት በየትኛውም ሃይማኖት የለችም። ፈርተው ቤታቸው ይወልዱ የነበሩ እናቶችም በጊዜ መምጣት ጀመሩ። ስለ ጎረቤቱ ማወቅ የራስን ማጣት የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይመዝን፦ ልጅቷ ምንም አላጣችም፤ በሕይወት የሚያድር ሕፃን ግን በዛ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ሙስሊም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እናቱ ሞቱበት። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች። ጎረቤቴ ደወሉላትና ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ጠየቋት። ጫማቸውን አጽድተው፣ እኔን አስከትለው ደረጃውን ወጡ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሩን ሲከፍት ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ምነው? መብራት ጠፋብዎት?»

«አልጠፋብኝም፤ ለቅሶ ልንደርስህ ነው የመጣነው» አሉ። ልጃቸው ያስጠናቻቸው ቃል ጠፍቷቸው ይመስለኛል፣ ትንሽ አመነቱ። «እናትህን በደረጃው ሲያልፉ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ሰላም ብያቸው አላውቅም። ይቅር በለኝ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ሰውየው ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ አንዱም የራሱን ትራስ ከጀርባው አውጥቶ አቀበላቸው። ጎረቤቴ ትራሱን ምንም ሳያገላብጡ ተቀብለው ተደገፉት።