አንድ ሞራ፣ ሦስት ሶዳ

ወይዘሮ አሰለፈች የተቃጠለ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ሊያዩዋት የማይፈልጓት ሴት ሳሙና የሞላ ካርቶን ተሸክማ ከፊታቸው ድቅን አለች። ጎረቤታቸው ትዝታ ናት፤ ደብረ ታቦር የምታስተምር የኬሚስትሪ መምህርት። አሰለፈች ለዚህ ጤና ጣቢያ አሥር ዓመት ሙሉ ሳሙና እየሠሩ ያቀረቡ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ግን «የእርስዎ ሳሙና አንዱ እጅ ይልጣል፣ አንዱ ቅባት ብቻ ነው» ተብለው ሥራው ለዚች ለትናንት ልጅ ተሰጠባቸው። ከዚያ ወዲህ አንጀታቸው አርሯል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ቀንተዋል።

«እትዬ አሰለፈች! ምነው፣ እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ያንቺው ጉድ ነዋ!» ወረፋው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ትዝታ ካርቶኑን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። «የእኔ እንዴት ሆነ? ይንገሩኝ እንጂ።»

ሊደብቁ አስበው ነበር፤ ንዴቱ አስለፈለፋቸው። «መስኮትሽ ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት አይቼ! አንድ ሞራ፣ ሦስት ሶዳ ይላል። ለአንድ ጣሳ ሞራ ሦስት ጣሳ ኮስቲክ ሶዳ ባደርግ ሳሙና መሆኑ ቀርቶ ቆዳዬን በላው። ሆን ብለሽ ነው!»

«ኧረ በስመ አብ! ወረቀቱ ላይ ያለው የኬሚስትሪ እኩልታ ልክ ነው፤ የሚቆጥረው ግን ቅንጣት ነው እንጂ ጣሳ አይደለም። አንድ በሬና ሦስት ዶሮ ቢባል፣ ዶሮዎቹ ከበሬው ይከብዳሉ?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«በሬው ሞራው ነው። የሞራው አንድ ቅንጣት በኬሚስትሪ መለኪያ ስምንት መቶ ዘጠና ሲመዝን የሶዳው አርባ ነው፤ ሦስቱ መቶ ሃያ። ስለዚህ ለስምንት መቶ ዘጠና ግራም ሞራ መቶ ሃያ ግራም ሶዳ ይበቃል። ሶዳው ከተረፈ ይልጣል፤ ሞራው ከተረፈ ቅባት ይሆናል።»

አሰለፈች የተቃጠለ እጃቸውን ገልጠው አዩ። ጤና ጣቢያው የነገራቸው ይኸንኑ ነው። ቢሆንም በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ሞራው ሁለት ኪሎ ቢሆንስ?»

«ሁለት ሺህን ለስምንት መቶ ዘጠና አካፍሎ በመቶ ሃያ ማባዛት ነው፤ ሁለት መቶ ሰባ ግራም ገደማ። እኔ እንዲያውም ለእጅ እንዲለሰልስ ከሶዳው ጥቂት እቀንሳለሁ።»

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ትዝታ አቀረቀረች። «ወረቀቱን ፊቱን ወደ ደጅ አድርጌ የለጠፍኩት ለማን ይመስልዎታል? ሥራውን ከተቀበልኩ ወዲህ ሰላምታዬን እንኳ አይመልሱልኝም። ካዩት ገብተው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠቻቸው! «ቀንቼብሽ ነው ልጄ» አሉ። «መስረቁ ቀለለኝ፤ መጠየቁ ከበደኝ።»

እጃቸው ሲድን ሞራቸውን ይዘው የትዝታን በር አንኳኩ። ዛሬ ሁለቱ ሳሙናቸውን በአንድ ሚዛን ይሠራሉ፤ ሶዳ አይባክንም፣ የሰው እጅ አይላጥም፣ ጤና ጣቢያውም ከሁለቱም ይገዛል። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቃቸው ብንል ግን መዋሸት ነው። አሁንም የትዝታን ድስት ሰረቅ አድርገው ያያሉ፤ ከዚያ ግን «ስንት ግራም አደረግሽበት?» ብለው ይጠይቃሉ።