ቀን ያልሞላው ጫት

በአብዮቱ ዘመን ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ የማይተዋወቁ ሁለት ገበሬዎች፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት እናት፣ ስለ ተባይ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ጎመኔን ትል ጨረሰው፤ ዛሬ መድኃኒት ረጭቼ ነገ ገበያ አወጣዋለሁ።»

«ተይ፣ እታለም! መርዙ ከቅጠሉ እስኪጠፋ ቀን አለው።»

«ማን አለ፣ አባቴ?»

«የቀበሌያችን የእርሻ ልማት ሠራተኛ። ሼሁ ቤት ለሚደረገው የሐሙስ ዱዓ የሚቃም ጫት አመጣለሁ ብዬ፣ ተባይ የገባበትን ጫቴን ማክሰኞ መድኃኒት ረጨሁት። ‹ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አይቀጠፍም› ብሎ ማሳዬ ዳር ቆመ።»

«እርስዎስ?»

«‹ጓድ፣ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?› ብዬ ሰደብኩት። ንቅንቅ አላለም።»

«ታዲያ ከዱዓው ቀሩ?»

«ባዶ እጄን ሄጄ አፍሬ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሼሁ ጠይቀውኝ ነገሩን ሲሰሙ፣ ‹ይህን ሁሉ ሰው ከመርዝ ያዳነ ልጅ ነው፤ የዛሬው ዱዓ ለእሱ ይሁን› አሉ። ቤቱ ሙሉ እጁን ዘረጋለት።»

«እስላም ነው ልጁ?»

«አንገቱ ላይ እንዳንቺው ማተብ አለ።»

«ይገርማል! በሉ እኔም ጎመኑን ሳልረጭ ትሉን በእጄ እለቅማለሁ።»

«ደግ አደረግሽ። ያን ልጅ አላህ ዕድሜውን ያርዝመው።»

«አሜን!» ስትል፣ እኔም ከኋላቸው ሁለት መዳፌን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።