ሰው የለበትም የተባለው ቤት

ከሚሴ ዳር፣ በሾላ ዛፎች የተከበበ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ይሸጣል ሲሉኝ ላየው ሄድኩ። ሻጩ ሰይድ የሚባል የደሴ ነጋዴ ነው። «እድሳት አልነካውም እንጂ ጠንካራ ነው። ሰው የለበትም፤ ገብተህ እየው» ብሎኛል። በሩን ብገፋው አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ? ልጄ ሰይድ የላከህ አናጢ ነህ? አልሐምዱሊላህ! ጣሪያውን አስጠግንልሻለሁ ካለኝ ስንት ክረምት አለፈ!» ልገዛ ነው የመጣሁት ልል አልኩና ተውኩት። እጄን ይዘው የሚያፈሰውን ጥግ፣ የበሰበሰውን መስኮት ሁሉ አሳዩኝ። «ሰይድ መቼም አይረሳኝም፤ ችኩሏ እኔ ነኝ» ይላሉ። ሲሸኙኝ «መቼ ትጀምራለህ?» አሉኝ። «በቅርቡ» ብዬ ወጣሁ።

ለሰይድ «እናትህ እኮ እዚያ ናቸው፤ አናጢ መስዬአቸው አረፍኩ» ብዬ ብነግረው ሳቀ። «ተዋት፣ ከዘመድ እናስጠጋታለን» አለኝ። እኔ ቤቱን ተውኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰው ገዛው። አንድ ቀን ሰንበቴ ገበያ ላይ እኚያ እናት ለዩኝ። «ምን በደልኩህ፣ ልጄ? ሰይድ እኮ ‹አናጢው ቀረ፣ ቤቱ ሊወድቅብሽ ነው› ብሎ ነው የሸጠው። አንተ ብትመጣ ኖሮ ዛሬ በሰው ቤት ባላደርኩ» አሉኝ። እውነቱን ብነግራቸው ልጃቸውንም ላሳጣቸው ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ይቅር አላሉኝም።