የተዳፈነው ባትሪ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ተቀምጠዋል፤ የተዋወቁት ገና መንገድ ላይ ነው። እናትየዋ ወጣቱ በጋቢ ጠቅልሎ የያዘውን አዩ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያቀፍከው ልጄ?»

«ስክሪን ነው እማማ። እቤት ለሠራኋት አውሮፕላን ነው።»

«የምትበር?»

«እኔን ይዛ ትነሳለች። የድሮዎቹን መለኪያዎች ነቅዬ ከፍታውንም ፍጥነቱንም በዚህ ላነብ ነው።»

«ፊትህ ግን አልፈካም።»

«የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ስሞክረው ሞተር ሳስነሳ ባትሪው ይደክምና ስክሪኑ ይጠፋል። ሽቦውን እንዴት እንደምዘረጋው እያሰብኩ ነው።»

«ሰማይ ላይ ቢጠፋብህስ?»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው።»

«እኔ እሳት ሳላዳፍን ተኝቼ አላውቅም። ምድጃው ቢጠፋ እንኳ ከአመዱ ስር ፍም አለኝ። አንተስ ምን አዳፍነሃል?»

«ለስክሪኑ ብቻ ሌላ ትንሽ ባትሪ ላስገባ ነው። ሽቦውም ፊውዙም ለብቻው ይሆናል።»

«ትልቁ ቢሞት ይኼኛው ያደርስሃል?»

«እስካርፍ ይበቃኛል።»

«እናትህስ ምን ትላለች?»

«እኔ በበረርኩ ቀን እህል አትቀምስም። ስለ ባትሪው አልነገርኳትም፤ አይገባትም ብዬ።»



«እሳት ማዳፈን የማይገባት እናት አለች ልጄ?»

ቡሬ ልንገባ ስንል ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ «እማዬ» ሲል፣ የሚላትን እንድሰማ ሹፌሩ ትንሽ ቀስ ባለ ብዬ ተመኘሁ።