ተፈታ የተባለው ተጠባባቂ

ቤቱ ሄደው ያጡትን ሰው ባላሰቡበት ቦታ ማግኘት ከዕድል ይቆጠራል። ጸሐዬ ከሰኞ ጀምሮ እየተመላለሰ «አሁን ወጡ» እየተባለ ያጣቸውን አቶ ባፈናን፣ ሐሙስ ጠዋት በጅቡቲ ለገሀር፣ ከባቡር በወረደ የቆዳ ክምር አጠገብ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሐማሎቹን ሲቆጡ አገኛቸው።

እሱ ራሱ የመጣው ግን ሌላ ሰው ፍለጋ ነበር። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሊነሣ ተቃርቧል፤ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ነጅሙዲን የሚባል የሐረር ነጋዴ ልጅ ጓዙን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። ጸሐዬ ይህን ወጣት ከባቡሩ ሳያወርድ ወደ ሥራው ላይመለስ ቆርጧል። ሊያወርደው የሚችለው ደግሞ የአቶ ባፈና ቃል ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅርጫት ኳስ የሚባለው ጨዋታ በዚያ ዘመን ለጅቡቲ ገና እንግዳ ነበር። የኢትዮጵያውያን ማኅበር ወጣቶች ከፈረንሳዮቹ አይተው ቡድን ሲያቋቁሙ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ባፈና የቆዳ መጋዘናቸውን ግቢ ለሜዳ ፈቀዱላቸው። ሽታው እንግዳ ቡድን ሁሉ አፍንጫውን ይዞ እንዲገባ ቢያደርግም፣ ባለቤቶቹ ለምደውታል። ሽማግሌው ጨዋታውን «ጎልማሳ ሁሉ ቀዳዳ ቅርጫት ልሙላ ብሎ የሚደክምበት» እያሉ ይቀልዱበታል እንጂ አንድ እሑድ ቀርተው አያውቁም። የማኅበሩን አረንጓዴ ሸሚዝ ለአዲስ ተጫዋች የሚያለብሱት በገዛ እጃቸው ነው፤ እሳቸው ያላለበሱት አይሰለፍም።

ጸሐዬ የቡድኑ አለቃ ነው። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥቶ በጉምሩክ ጸሐፊ የሆነ፣ ንግግሩ የታረመ፣ ያሰበውን ሳያደርስ የማይተኛ ሰው ነው። እጅ ነሥቶ የቤት የከብታቸውን ደኅንነት ከጠየቀ በኋላ፣ ነጅሙዲን ለቡድኑ እንዲፈቀድለት ለመናቸው። የአቶ ባፈና ፊት ወዲያው ዳመነ።

«ልጄ፣ የዚያን ሰው ስም አታንሣብኝ» አሉ። «የተፈታ እስረኛ ከእኔ እጅ ሸሚዝ አይለብስም። ከወደብ ቡና ሰርቆ መታሰሩን የካርቲዬ ሁለት ሰፈር በሙሉ ያወራዋል።»

ጸሐዬ ሳቁን በግድ ዋጠ። ባለፈው እሑድ ከጨዋታው በኋላ ነጅሙዲን እስከዚያ ቀን የነበረበት የወደብ መጋዘኖች ቡድን አለቃ ከሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ነጅሙዲን ከዛሬ ጀምሮ «ሊበሬ» ነው ብሎ በፈረንሳይኛ ተናግሮ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው የሚያስተረጉመው ልብስ ሰፊው ታፈሰ፣ ቃሉን የሚያውቀው ከእስር ቤት በር ስለሆነ፣ «ተፈታ ነው የሚለው» ብሎ አሰማ። እንግዲህ መታሰሩን ማንም ያልሰማው ሰው መፈታቱ ተሰማ። ወንጀሉን አዋጥቶ መሙላት የጎረቤት ፈንታ ሆነ፤ ጎረቤት ደግሞ በዚህ በኩል ለጋስ ነው።

«ከእስር ቤት አይደለም፣ አባባ» አለ ጸሐዬ። «ያሰናበተው ቡድኑ ነው። ከየመን አዳዲስ የኋላ ጠባቂዎች ስላስመጡ ለሱ ቦታ ጠፋ። እስር ቤትስ በደጁም አላለፈ፤ ይኸው በሐሜቱ አፍሮ በዚህ ባቡር ሊሄድ ነው።»

አቶ ባፈና ታፈሰን ምላሱን በገዛ መቀሱ ባሳጥረው ደስ ይለኝ ነበር አሉ። ነገር ግን ሽማግሌ አንድ ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ በቀላሉ እሺ ማለት ይከብደዋልና ሌላ ምክንያት ፈለጉ። በዚያ ቡድን ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ጸሐዬ መዋሸት አይወድም፤ ተጠባባቂ ነበር ብሎ መለሰ።

«ቁጭ ብሎ የሌላውን መውደቅ የሚጠብቅ ሰው ምን ይረባናል? የእኛ ልጆች የጀመሩትን የሚጨርሱ ናቸው።»

በዚህ ጊዜ የባቡሩ የመጀመሪያ ደወል ተደወለ። ጸሐዬ ወደ ፉርጎው ዞር ብሎ አየና ነገሩን አጠበቀ። የቡድኑን የኋላ ጠባቂ ጉታን አስታወሳቸው። ባለፈው እሑድ በዚያ እሳት በሚተፋ ፀሐይ ጉታ ደረቱን እየያዘ ሲሮጥ ሁሉም አይቶታል። ቢወጣ ፈራ ይሉኛል ብሎ አልወጣም፤ ቢወጣም የሚገባለት አልነበረም። በመጨረሻ ዓይኑ ጨልሞበት ወደቀና በቆዳ ጋሪ ተጭኖ ቤቱ ገባ። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ከአልጋ አልተነሣም።

«ጉታን የጣለው ድካም ብቻ አይደለም፣ ተተኪ ማጣትም ነው» አለ። «እርስዎ ማሕሌት አዋቂ ነዎት። ሌሊቱን ሙሉ የሚያዜመው አንድ ወገን ብቻ ነው? ቀኙ ሲያርፍ ግራው ይቀበላል። ግራው ተራውን ሲጠብቅ ሰነፈ የሚለው አለ? ተጠባባቂም የሚጠብቀው ባልንጀራው እንዲወድቅ ሳይሆን እንዳይወድቅ ነው።»

አቶ ባፈና ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጉታን ማታ ማታ እየሄዱ ይጠይቁታል፤ የልጁን ከንፈር መድረቅም በዓይናቸው አይተዋል። ክርክሩ ያለቀ መሰለ። ሽማግሌው ግን አንዲት የመጨረሻ ምክንያት ከአፋቸው አመለጠቻቸው።

«ይሁን፣ ተጠባባቂም ያስፈልጋል እንበል። ይህኛው ግን ፈት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሌላ ቤት ሞክሮ፣ አይቶ፣ አይሆንም ብሎ ያወጣውን እኔ ለምን አስገባለሁ?»

የአቶ ባፈና አንድ ልጅ እልፍነሽ ከድሬዳዋ ባሏ ተፋታ ከተመለሰች ወዲህ በአባቷ ቤት መኖሯን ጸሐዬ ያውቃል። ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከደጅ እንደማትወጣም ያውቃል። ይህን ማንሣት የሰው ቁስል መንካት ነው፤ በትልቅ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ድፍረት ነው። ከፉርጎው መስኮት የነጅሙዲንን አንገት የደፋ መልክ አየና፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ቆረጠ።

«አባባ፣ ቢቆጡኝም ልናገር። በፋሲካ ግብዣ አንድ እንግዳ በቤትዎ ይህንኑ ቃል አንሥቶ ነበር። ከማዕድ አስነሥተው ሲያስወጡት፣ ‹ባሏ ዋጋዋን አላወቀላትም እንጂ እሷ አልጎደለችም› ያሉትን እኔም ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነበር። ዛሬ ያንን ቃል እርስዎ ሲሉት ብሰማ አዘንኩ።»

አቶ ባፈና ከዘራቸውን አነሡ። ሐማሎቹ ሥራቸውን አቁመው ቆሙ።

«ልጄን ከኳስ ጋር ታወዳድርብኛለህ?»

«ከኳስ ጋር አይደለም፣ ጌታዬ፤ ከሰው ጋር ነው። ያም ሰው ዋጋውን አላወቁለትም እንጂ አልጎደለም። እኛም ካልተቀበልነው ያንን እንግዳ ለምን አስወጣነው?»

ሁለተኛው ደወል ተደወለ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ያሳፈራቸው የወጣቱ ድፍረት ሳይሆን የገዛ ቃላቸው ነበር። ልጃቸውን ከሰው አፍ ለመሸሸግ ሲሉ እቤት መዝጋታቸው፣ ለካ የሰዉን ቃል ልክ ነህ ማለት ኖሯል።

ወደ ፉርጎው ሄዱ። ነጅሙዲን ሲያያቸው ደንግጦ ተነሣ። አቶ ባፈና በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው ጓዙን ተቀበሉት። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የወጣት ጓዝ ሲሸከም በዚያ ለገሀር ታይቶ አይታወቅም።

«ውረድ፣ ልጄ» አሉት። «የታመመ ወንድም አለህ፤ እስኪድን በሱ ቦታ ትቆማለህ። ከዳነ በኋላ ተራ በተራ ትተጋገዛላችሁ። ሸሚዝህን እሑድ አለብስሃለሁ።»

ነጅሙዲን ወረደ። ከሐማሎቹ አንዱ ያ የተፈታው ሰው ይህ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ አቶ ባፈና ስሙ ነጅሙዲን ነው፣ እሱም የእኛ ሰው ነው ብለው መለሱለት።

የዚህ ነገር ጥቅም ሳይዘገይ ታየ። በቆዳው ግቢ ከዳስ ጥላ ሥር የተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበር ተሠራ፤ ከአጠገቡም የውሃ ጋን ተቀመጠ። ጉታ ድኖ ሲመለስ ከነጅሙዲን ጋር እየተፈራረቀ ተጫወተ፤ ደክሞኛል ማለትም ነውር መሆኑ ቀረ። ከሌላ ቡድን የተሰናበቱ ወጣቶች እፍረታቸውን ተሸክመው አገር ከመልቀቅ ይልቅ የአቶ ባፈናን ደጅ ማንኳኳት ጀመሩ። ታፈሰም «ሊበሬ»ን ሲያስተረጉም ከየት እንደሆነ ጨምሮ መናገር ለመደ። አንድን ሰው ከአንድ በር ወጣ ብሎ ሁሉን በር የሚዘጋበት ሰፈር፣ ኋላ ራሱም ሲወጣ የሚገባበት ያጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያው እሑድ የሆነው ነው። ግቢው ሞልቶ ሳለ አቶ ባፈና አረንጓዴውን ሸሚዝ በክንዳቸው አንጠልጥለው ገቡ። በቀኛቸው እልፍነሽ ነበረች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ፤ ታፈሰ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመ። ሽማግሌው ነጅሙዲንን ካለበሱ በኋላ ልጃቸውን ከፊተኛው ወንበር፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ አስቀመጧት። ከድሬዳዋ የመጣ አንድ እንግዳ ማን እንደሆነች ሲጠይቃቸው፣ «እልፍነሽ ትባላለች፣ ልጄ ናት» አሉት።